«የተፈጥሮ» እና «ሰው ሠራሽ» በሚል ድንበር ላይ፤ የፖሊመር ትምህርት አቀራረብ ሲመረመር

በከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ የኬሚስትሪ ትምህርት ውስጥ ስለ ፖሊመሮች የሚናገረው ምዕራፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ከመጽሐፉ መጨረሻ አካባቢ ነው። የትምህርቱ ዘመን ሊያልቅ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ መምህሩም ተማሪውም ስለ ፈተና በሚያስቡበት ወቅት ስለሚደርስ፣ ከሌሎቹ ምዕራፎች ሁሉ በችኮላ የሚነበብ፣ አንዳንድ ጊዜም ጨርሶ የሚታለፍ ክፍል ሆኖ ይቀራል። ጉዳዩ የጊዜ ማነስ ብቻ ቢሆን ኖሮ መፍትሔው ቀላል በሆነ ነበር፤ የምዕራፉን ቦታ ማዛወር ይበቃል። ዳሩ ግን ችግሩ ከዚህ የጠለቀ ነው። ምዕራፉ የተዋቀረበት መሠረት ራሱ፣ ይኸውም ፖሊመሮችን «የተፈጥሮ» እና «ሰው ሠራሽ» ብሎ ለሁለት ከፍሎ የየራሳቸውን ዝርዝር ማቅረቡ፣ ተማሪውን ወደ ኬሚስትሪ ከማስገባት ይልቅ ከደጃፉ የሚመልስ አከፋፈል ነው።

የተለመደው አቀራረብ ለማንም መምህር እንግዳ አይደለም። በመጀመሪያ ፖሊመር ማለት ሞኖመር የሚባሉ ትናንሽ ሞለኪውሎች ተያይዘው የሚሠሩት ግዙፍ ሞለኪውል ነው የሚል ፍቺ ይሰጣል። ቀጥሎ ሁለት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ ይመጣል፤ በግራ ጥጥ፣ ሐር፣ ሱፍ፣ ስታርችና የተፈጥሮ ጎማ፣ በቀኝ ፖሊኢቲሊን፣ ፒ.ቪ.ሲ.፣ ናይሎንና ቤክላይት ይደረደራሉ። ከዚያም ስለ አዲሽንና ስለ ኮንደንሴሽን ፖሊመራይዜሽን አንዳንድ ቀመር ይጻፋል፤ የጥቅም ዝርዝር ይከተላል፤ በመጨረሻም ፕላስቲክ አካባቢን እንደሚበክል የሚያሳስብ አንድ አንቀጽ ተጨምሮ ምዕራፉ ይዘጋል። የዚህ አቀራረብ ፍሬ የሚታየው በፈተና ወረቀት ላይ ነው። «በተፈጥሮና በሰው ሠራሽ ፖሊመሮች መካከል ያለውን ልዩነት ግለጽ» ለሚለው ጥያቄ የሚጠበቀው መልስ፣ የተፈጥሮው ከዕፅዋትና ከእንስሳት ይገኛል፣ ይበሰብሳል፤ ሰው ሠራሹ ከነዳጅ ዘይት ይሠራል፣ አይበሰብስም የሚል ነው። መልሱ ሙሉ ነጥብ ያሰጣል። ሆኖም ከሁለቱ አባባሎች አንዱም እንኳ ያለ ማስተካከያ የሚቆም አይደለም።

ለምሳሌ ጎማን መመልከት ይበቃል። ከጎማ ዛፍ ወተት የሚገኘው ጎማ አይሶፕሪን የሚባለው አሐድ በአንድ ዓይነት አቀማመጥ እየተደጋገመ የተያያዘበት ሰንሰለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ በዚያን ጊዜ አዲስ በነበሩት ካታሊስቶች አማካይነት ይኸው አቀማመጥ ያለው ሰንሰለት በፋብሪካ ተሠርቷል። ሁለቱ በሰንሰለታቸው አሠራር ይህን ያህል ከተቀራረቡ በሠንጠረዡ ግራና ቀኝ ሊቆሙ የሚችሉት በልደት ምስክር ወረቀታቸው እንጂ በኬሚስትሪያቸው አይደለም። ሬዮንም እንደዚሁ ድንበሩን ያፈርሳል። የዛፍ ሴሉሎስ በኬሚካል ሟሙቶ፣ በቀጭን ቀዳዳ ተገፍቶ እንደገና ክር የሚሆን ሲሆን፣ ሞለኪውሉ የተፈጥሮ፣ ክሩ ግን የሰው እጅ ሥራ ነው። በሌላ በኩል ከሸንኮራ አገዳ አልኮል የሚሠራ ፖሊኢቲሊን እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ በብራዚል በስፋት ይመረታል፤ መነሻው ተክል ቢሆንም ከነዳጅ ዘይት ከሚሠራው ፖሊኢቲሊን ፈጽሞ ስለማይለይ እንደ እርሱ አይበሰብስም። በአንጻሩ ፖሊካፕሮላክቶን የሚባለው ከነዳጅ ዘይት ውጤቶች የሚሠራ ፖሊመር በአፈር ውስጥ ባሉ ረቂቅ ሕዋሳት ይበላል። ስለዚህ መነሻው የመበስበሱ ምክንያት አይደለም ማለት ነው። የመበስበሱ ምክንያት ሰንሰለቱን የሚያያይዘው ትስስር ነው፤ የተለመደው ምዕራፍ ደግሞ የማይናገረው ይህንኑ ነው።

ይህ ቸልታ የትምህርቱን ታሪካዊ ጎን በማስቀረቱ የበለጠ ይጎዳል። «ፖሊመር ግዙፍ ሞለኪውል ነው» የሚለው ፍቺ እንደ ቀላል እውነት በመጀመሪያው መስመር ላይ ተቀምጦ ይገኛል። ነገር ግን ይህ አንድ መስመር ከአሥር ዓመት ያላነሰ ብርቱ ክርክር ያስከተለ መሆኑን ተማሪው አያውቅም። ቃሉን በ1833 እ.ኤ.አ. የፈጠረው የስዊድኑ ኬሚስት በርዜሊየስ ሲሆን፣ ያኔ ለማመልከት የፈለገው የንጥረ ነገሮቻቸው ምጣኔ አንድ ዓይነት ሆኖ የሞለኪውላቸው ክብደት ግን የሚለያየውን ውህዶች እንጂ ዛሬ የሚታወቀውን ረጅም ሰንሰለት አልነበረም። በሃያኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ ላይ አብዛኞቹ ሊቃውንት ጎማን፣ ሴሉሎስንና ስታርችን በርከት ያሉ ትናንሽ ሞለኪውሎች በደካማ ኀይል ተሰባስበው የፈጠሩት ጥርቅም እንደሆኑ ያምኑ ነበር። ለዚህም በቂ የሚመስል ምክንያት ነበራቸው። በኤክስሬይ ሲመረመር በሴሉሎስ ክሪስታል ውስጥ የሚደጋገመው አሐድ ትንሽ ሆኖ ስለ ተገኘ፣ ሞለኪውሉ ከዚህ አሐድ ሊበልጥ አይችልም ይሉ ነበር።

ጀርመናዊው ሄርማን ሽታውዲንገር በ1920 እ.ኤ.አ. በዙሪክ ሳለ ባወጣው ጽሑፍ ይህን አመለካከት ተቃወመ። እነዚህ ነገሮች በተራ ኬሚካዊ ትስስር፣ ማለትም ማንኛውንም ኦርጋኒክ ውህድ በሚያያይዘው ትስስር፣ የተያያዙ እጅግ ረጅም ሰንሰለቶች ናቸው አለ። ከሥራ ባልደረቦቹ መካከል ሃይንሪኽ ቪላንድ፣ በኋላ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ታላቅ ኬሚስት፣ ሞለኪውላዊ ክብደቱ ከ5,000 የሚበልጥ ኦርጋኒክ ሞለኪውል የለምና ይህን ሐሳብ እንዲተው እንደመከረው ሽታውዲንገር ራሱ በሕይወት ታሪኩ ውስጥ አስፍሮታል። ለመምህሩ የሚጠቅመው ግን ሽታውዲንገር ክርክሩን ያካሄደበት ዘዴ ነው። ተቃዋሚዎቹ የጎማን ትናንሽ ሞለኪውሎች የሚያሰባስበው ከድርብ ትስስራቸው የሚመነጭ ትርፍ ኀይል ነው ይሉ ስለነበር፣ እርሱና ረዳቱ በ1922 እ.ኤ.አ. ጎማውን በሃይድሮጅን አርክተው ድርብ ትስስሮቹን አጠፉ። የተቃዋሚዎቹ ሐሳብ ትክክል ቢሆን ኖሮ የሚያያይዘው ኀይል ሲጠፋ ጥርቅሙ ተበትኖ፣ ሲሞቅ የሚተንን ተራ ፈሳሽ መገኘት ነበረበት። የተገኘው ነገር ግን እንደ ቀድሞው ጎማ የማይተንንና የሚያጣብቅ፣ ሲሟሟም ዝልግልግ የሚል ሆነ። ሰንሰለቱ አልተበተነም። ሽታውዲንገር የኖቤል ሽልማት ያገኘው በ1953 እ.ኤ.አ.፣ በ72 ዓመቱ ነው።

ይህ ታሪክ በክፍል ውስጥ በአሥር ደቂቃ የሚነገር ነው። በውስጡ መላ ምት አለ፤ ከመላ ምቱ የሚመነጭ ትንቢት አለ፤ ትንቢቱን የሚፈትን ሙከራ አለ። የሳይንስ ዘዴ በመጀመሪያው ምዕራፍ ላይ በደረቁ ተዘርዝሮ በመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ግን ሕያው ምሳሌው እንዲታለፍ መደረጉ አስገራሚ ነው። የኤክስሬዩ ክርክር መልስም ቢሆን ለብሩህ ተማሪ የሚሰጥ ጥሩ እንቆቅልሽ ነው፤ በግድግዳ ላይ የሚደጋገመው ጡብ ትንሽ መሆኑ ግድግዳው አጭር ነው አያሰኝም።

ከሽታውዲንገር ቀጥሎ ሊነሣ የሚገባው አሜሪካዊው ዋላስ ካሮተርስ ነው። መጻሕፍቱ ናይሎንን እንደሠራ ብቻ ይጠቅሱታል፤ ቀኑም፣ የካቲት 28 ቀን 1935 እ.ኤ.አ.፣ አንዳንድ ጊዜ ይጻፋል። የእርሱ ዋና አስተዋፅኦ ግን ከናይሎን ይልቅ ስሌቱ ነው። በኮንደንሴሽን ፖሊመራይዜሽን ጊዜ ሊገናኙ ከሚችሉት ጫፎች 95 ከመቶው ቢገናኙ የሰንሰለቱ አማካይ ርዝመት 20 አሐድ ብቻ ይሆናል። 99 ከመቶው ሲገናኙ 100 ይደርሳል፤ 99.5 ከመቶ ሲሆን 200። በሌላ የኬሚስትሪ ሥራ 95 ከመቶ ምርት የሚያስመሰግን ሲሆን፣ እዚህ ግን ለክር የማይበቃ ፍርፋሪ ያተርፋል። ይህ ስሌት ከማካፈል በላይ ሒሳብ የማይጠይቅ ሆኖ ሳለ፣ ፋብሪካዎች ስለ ንጽሕናና ስለ እኩል ምጣኔ ለምን ያን ያህል እንደሚጠነቀቁ ወዲያውኑ ያስረዳል። ደግሞም በናይሎን ሰንሰለት ውስጥ አሐዶቹን የሚያገናኘው የአሚድ ትስስር በሐርና በሱፍ ውስጥ ካለው ጋር አንድ ነው። ካሮተርስ ሐርን የሚተካ ክር ያገኘው ከሐር ትስስር ጋር አንድ የሆነ ትስስር ስለ ተጠቀመ ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። በሠንጠረዡ ላይ ግን ሐር በግራ፣ ናይሎን በቀኝ፣ በመካከላቸውም ወፍራም መስመር!

የተለመደው ምዕራፍ ሌላው ጉድለት የምሳሌዎቹ ባዕድነት ነው። የጎማ ዛፍ፣ የሐር ትልና ቤክላይት ለኢትዮጵያዊው ተማሪ የወሬ ነገሮች ናቸው። በአንጻሩ በደቡብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ብዙ ሚሊዮን ሕዝብ የሚመገበው እንሰት፣ የፖሊመር ኬሚስትሪ ዋና ትምህርት በአንድ ተክል ውስጥ ተሰብስቦ የሚገኝበት ነው። የእንሰቱ ግንድ መሰል ሽፋን ሲፋቅና አምቾው ሲከተከት የሚወጣው ክፍል ተብላልቶ ቆጮ ይሆናል፤ ከጭማቂው የሚጠልለው ነጭ ዝቃጭ ቡላ ነው፤ ከተፋቀው ሽፋን የሚቀረው ጭረት ደግሞ ገመድና ጆንያ የሚሠራበት ቃጫ ነው። ቡላው በአብዛኛው ስታርች ነው። ቃጫው በአብዛኛው፣ ከሊግኒንና ከሌሎች ነገሮች ጋር ተደባልቆ፣ ሴሉሎስ ነው። ስታርችም ሴሉሎስም የሚሠሩት ከአንድ ሞኖመር፣ ከግሉኮስ፣ ነው። ታዲያ አንዱ ለምን ምግብ፣ ሌላው ለምን ገመድ ሆነ?

መልሱ በትስስሩ አቅጣጫ ላይ ነው። በስታርች ውስጥ የግሉኮስ አሐዶች አልፋ በሚባለው አቅጣጫ ስለሚያያዙ ሰንሰለቱ እንደ ጥምጥም ይጠቀለላል፤ ውሃ በመካከሉ ይገባል፤ በምራቅ ውስጥ ያለው አሚሌስም ትስስሩን ያገኘዋል። በሴሉሎስ ውስጥ ግን ትስስሩ ቤታ ስለሆነ እያንዳንዱ ግሉኮስ ከጎረቤቱ አንጻር ተገልብጦ ይቀመጣል፤ ሰንሰለቱ ቀጥ ይላል፤ ቀጥ ያሉት ሰንሰለቶች ጎን ለጎን ተደርድረው በሃይድሮጅን ትስስር ይጣበቃሉ፤ በመካከላቸው ለውሃም ሆነ ለኢንዛይም የሚበቃ ክፍተት አይተርፍም። የሰው ሆድ ይህን ትስስር የሚፈታ ኢንዛይም የለውም። ላምና በግም ራሳቸው የላቸውም፤ በጨጓራቸው ውስጥ የሚኖሩት ረቂቅ ሕዋሳት ይፈቱላቸዋል እንጂ። አንድ ጠብታ የአዮዲን ቲንክቸር በቡላ ላይ ሲንጠባጠብ ወዲያው ሰማያዊ ጥቁር ይሆናል፤ ምክንያቱም አዮዲኑ በስታርቹ ጥምጥም ውስጥ ስለሚገባ ነው። በታጠበ ቃጫ ወይም በጥጥ ላይ ግን ይህ ቀለም አይታይም። ሙከራው ከፋርማሲ ከሚገዛ ትንሽ ጠርሙስ በቀር ላቦራቶሪ አይፈልግም። እንዲህ ያለ ምሳሌ በእጅ እያለ ስለ ስታርች ሲነሣ የድንችና የበቆሎ ሥዕል ብቻ መቅረቡ ትርጉሙ አይገባም።

ስለ ሰንሰለቶች መተሳሰርም እንዲሁ ነው። መጻሕፍቱ ቻርልስ ጉድይር በ1839 እ.ኤ.አ. ጎማን ከድኝ ጋር ሲያሞቅ ቮልካናይዜሽንን እንዳገኘ ይተርካሉ፤ ድኙ ሰንሰለቶቹን እንደ ድልድይ እንደሚያገናኝም ይገልጻሉ። ጥቂት ድኝ ጎማውን የሚለጠጥና ቅርጹን የማይረሳ ያደርገዋል፤ ብዙ ድኝ ሲጨመርበት እንደ እንጨት የጠጠረ ኤቦናይት ይሆናል። እስከዚህ ድረስ መልካም ነው። ነገር ግን ይህን ለመረዳት ተማሪው ከቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤትና ከቆዳ አልፊው መንደር የሚያገኘው ምስክር ይበልጥበታል። ብራናም የለፋ ቆዳም የሚሠሩት ኮላጅን ከሚባለው የፕሮቲን ፖሊመር ነው። ብራና የሚፍቅ ባለሙያ ቆዳውን አጥቦ፣ ጸጉሩንና ሥጋውን ፍቆ፣ በማዕቀፍ ላይ ወጥሮ ያደርቀዋል እንጂ አያለፋውም። ስለሆነም የኮላጅኑ ክሮች በአንድ አቅጣጫ ተወጥረው ይደርቃሉ፤ አዲስ ድልድይ ግን አልተሠራላቸውም። ብራና ከሙቅ ውሃ ጋር ቢገናኝ ይኮማተራል፤ ሲቆይም ወደ ሙጫነት ይቀየራል። ቆዳ አልፊው ከዕፅዋት ልጥ በሚገኝ ታኒን፣ ፋብሪካውም በክሮሚየም ጨው፣ ሰንሰለቶቹን ያስተሳስራቸዋል። ያልለፋ ቆዳ 60 እና 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲኮማተር፣ በክሮሚየም የለፋው የፈላ ውሃ እንኳ ይችላል። ጉድይር በጎማ ላይ ያደረገውን፣ ስሙ ያልተጻፈ የጥንት ቆዳ አልፊ በኮላጅን ላይ ከብዙ ሺሕ ዓመታት በፊት አድርጎታል፤ ሁለቱም ስለ ሞለኪውል ምንም ሳያውቁ።

እዚህ ላይ ስለ ቋንቋም አንድ ነገር ማንሣት ያስፈልጋል። በአማርኛ «ሙጫ» የሚለው ቃል ከግራር የሚፈሰውንም ከዕጣን ዛፍ የሚወጣውንም ያጠቃልላል። ለኬሚስቱ ግን ልዩነታቸው ትልቅ ነው። የግራር ሙጫ በውሃ የሚሟሟ የስኳር ፖሊመር ነው፤ የዕጣን ሙጫ ደግሞ ከእንዲህ ዓይነቱ ፖሊመር ጋር በአልኮል የሚሟሙ፣ ፖሊመር ያልሆኑ ትናንሽ ሞለኪውሎች የተደባለቁበት ነው። ሽታውም የሚመጣው ከትናንሾቹ ነው፤ ግዙፍ ሞለኪውል ተንኖ አፍንጫ ሊደርስ አይችልምና። «ላስቲክ» የሚለው ቃልም እንዲሁ ከመለጠጥ ጋር የተያያዘ ስም ሆኖ ሳለ፣ በገበያ ላይ የሚሰጠው እምብዛም ለማይለጠጠው ስስ ፕላስቲክ ነው። መምህሩ እነዚህን የተለመዱ ቃላት ስሕተት ናቸው ብሎ ከመግፋት ይልቅ የትምህርቱ መግቢያ ቢያደርጋቸው ይሻል ነበር። በክፍል ውስጥ የሚታየው ግን ሌላ ነው፤ የእንግሊዝኛው ስም ይጠናል፣ ዕቃው ሳይታወቅ ይቀራል።

የንብረት ጉዳይ ከሁሉም የተጎዳው ክፍል ነው። ስሱ ላስቲክና ጠንካራው የውሃ ጀሪካን ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሞኖመር፣ ከኢቲሊን፣ የተሠሩ ናቸው። የመጀመሪያው ዓይነት በእንግሊዝ አገር በ1933 እ.ኤ.አ. በከፍተኛ ግፊት የተገኘው ሲሆን ሰንሰለቱ ቅርንጫፍ ስለሚያወጣ ጎረቤቱን ሊጠጋ አይችልም፤ ስለዚህ ለስላሳ ነው፣ በ110 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማም ይቀልጣል። ካርል ሲግለር በ1953 እ.ኤ.አ. በዝቅተኛ ግፊት የሠራው ደግሞ ቅርንጫፍ የሌለው ቀጥ ያለ ሰንሰለት በመሆኑ ተጠጋግቶ ይደረደራል፤ ጠጣር ነው፣ ለመቅለጥም 130 ዲግሪ ያህል ይፈልጋል። ቡላንና ቃጫን የለየው የሰንሰለቱ ቅርጽና መጠጋጋት ነው፤ ላስቲክንና ጀሪካንን የለየውም እርሱ ነው። እነዚህን ሁለት ጥንዶች ጎን ለጎን ያስቀመጠ መምህር «የተፈጥሮ» እና «ሰው ሠራሽ» የሚለውን ግድግዳ ያለ ብዙ ንግግር ያፈርሰዋል።

የወጥ ቤቱም ድርሻ ሊረሳ አይገባም። የስንዴ ሊጥ ሲቦካ አየሩን የሚይዝለት ግሉተን የሚባለው የፕሮቲን መረብ ነው። ጤፍ ግሉተን የለውም፤ ስለዚህ እናቶች ከቦካው ሊጥ ከፊሉን ቀድተው፣ በፈላ ውሃ አብስለው አብሲት አድርገው ይመልሱበታል። ሲበስል የስታርቹ ሰንሰለቶች ውሃ ጠጥተው ያብጣሉ፣ ሊጡም ይወፍራል፤ የእንጀራው ዐይን የሚወጣውም በዚህ ረዳትነት ነው። እንጀራው ሲያድር ደርቆ መሰባበሩ ደግሞ ሰንሰለቶቹ እንደገና ተጠጋግተው ስለሚደረደሩ እንጂ ውሃው ስለ ተነነ ብቻ አይደለም።

በተግባር ሙከራ ረገድ የሚታየው ነገር የበለጠ ያሳስባል። አንዳንድ መምህራን ፖሊመሮችን ለመለየት ቁራጭ ፕላስቲክ በክፍል ውስጥ እያቃጠሉ የነበልባሉን ቀለምና ሽታ ያሳያሉ። ጸጉር ወይም የሱፍ ክር በትንሹ አቃጥሎ የፕሮቲንን ሽታ ማሳየት ጉዳት የለውም። ፒ.ቪ.ሲ. ሲቃጠል ግን ሳንባን የሚያቃጥል ሃይድሮጅን ክሎራይድ ይወጣል፤ ከፍራሽ ስፖንጅ የሚወጣው ጭስም መርዛማውን ሃይድሮጅን ሳያናይድ ሊይዝ ይችላል። አምሳና ስድሳ ተማሪዎች በታጨቁበት ክፍል ይህ ሙከራ ሊደረግ አይገባም። መጻሕፍቱም ሙከራውን ሲጠቅሱ ይህን ማስጠንቀቂያ በትልቁ መጻፍ ሲገባቸው በዝምታ የሚያልፉበት ጊዜ አለ። አደጋ የሌለበት መለያ ደግሞ ቅርብ ነው። አንድ ሣህን ውሃ ይበቃል፤ ፖሊኢቲሊን ይንሳፈፋል፣ ፒ.ቪ.ሲ. እና የመጠጥ ውሃ የሚሸጥበት ጠርሙስ ቁራጭ ይሰጥማሉ።

ከዚህም የሚያስደንቅና ምንም ወጪ የማይጠይቅ ሌላ ሙከራ አለ። የገንዘብ ማሰሪያ ጎማ በድንገት ተለጥጦ ከንፈር ላይ ሲደረግ ይሞቃል፤ ጥቂት ቆይቶ ሲለቀቅ ይቀዘቅዛል። እንግሊዛዊው ጆን ጎፍ ይህን በ1805 እ.ኤ.አ. መዝግቦታል። እንደዚሁም ክብደት ተንጠልጥሎበት የተለጠጠ ጎማ ሲሞቅ እንደ ብረት አይረዝምም፤ ያጥራል። ምክንያቱም የጎማ ሰንሰለቶች ሲለቀቁ የተጠማዘዙና የተዘበራረቁ ናቸው፤ ሲለጠጡ ይሰለፋሉ፤ ሙቀት ሲጨመርላቸው ወደ ተዘበራረቀው ሁኔታቸው ለመመለስ የሚያደርጉት ግፊት ይበረታል። በቴርሞዳይናሚክስ ምዕራፍ ላይ ኤንትሮፒ የተባለው ቃል ለብዙዎች የሚጠና ፊደል ሆኖ ይቀራል፤ እዚህ ግን በገዛ ከንፈራቸው ላይ ያገኙታል።

የአካባቢ ጥበቃው አንቀጽ በምዕራፉ መጨረሻ መንጠልጠሉም ሳይተች አያልፍም። ጉዳዩ ዛሬ ከትምህርት ቤት ግቢ አልፎ የሕግ ጉዳይ ሆኗል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረታቸው 0.03 ሚሊሜትርና ከዚያ በታች የሆኑትን የማይበሰብሱ የፕላስቲክ ከረጢቶች ማምረትንና ማስገባትን ገድቧል፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክል አዲስ አዋጅ አጽድቋል። በእነዚህ ሕጎች ውስጥ «የሚበሰብስ» የሚለው ቃል ትልቅ ሸክም ተሸክሟል። መንደርተኛው ቃሉን እንዲያስረዳው የሚጠይቀው የቅርቡን መምህር ነው። የተፈጥሮ ነገር ይበሰብሳል፣ ሰው ሠራሽ አይበሰብስም የሚል መልስ ብቻ ይዞ ከኮሌጅ የወጣ መምህር፣ ነጋዴው «ይህ ከበቆሎ የተሠራ ነው» ሲለው የሚመልሰው አይኖረውም። ሊያውቀው የሚገባው ነገር ረጅም አይደለም። ኤስተር ወይም አሚድ ወይም የስኳር ትስስር ያለው ሰንሰለት ውሃና ኢንዛይም ሊይዙት የሚችሉት መገጣጠሚያ አለው፤ ይህም ቢሆን ሰንሰለቶቹ እጅግ ተጠጋግተው ከተደረደሩ በቀላሉ አይደረስበትም። ፖሊኢቲሊን ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ካርቦን ከካርቦን ጋር ብቻ የተያያዘበት ነውና እንዲህ ያለ መገጣጠሚያ የለውም። ፀሐይ ሲመታው ይሰባበራል፤ ተሰባበረ ማለት ግን በሰበሰ ማለት አይደለም፤ ቁርጥራጩ በአፈርና በውሃ ውስጥ ይቆያል።

ነባሩን አከፋፈል የሚደግፉ ወገኖች የሚያቀርቡት ምክንያት ፈጽሞ የሚናቅ አይደለም። ሠንጠረዡ ለማስታወስ ይቀላል፤ ላቦራቶሪ ለሌለው ትምህርት ቤት ይመቻል፤ ከዚህም በላይ ተማሪው ስለ ኢሶመርና ስለ ትስስር አቅጣጫ ያለው ዕውቀት ውስን ስለሆነ ከእርሱ ዐቅም በላይ መሄድ አይገባም ይላሉ። የመጨረሻው ክርክር ክብደት አለው። አልፋና ቤታ የሚለውን ነገር በወረቀት ላይ ብቻ መሳል በእርግጥ ያደናግራል። ነገር ግን ከሸክላ ጭቃና ከእንጨት ስንጥር የተሠሩ አሥር የግሉኮስ ሞዴሎች ሁለት ጊዜ፣ አንዴ በአንድ አቅጣጫ አንዴ እየተገለበጡ፣ ሲቀጣጠሉ አንደኛው ሲጠመዘዝ ሌላው ቀጥ ሲል ይታያል። ይህን ለመሥራት ዕጩ መምህራን የአንድ ከሰዓት በኋላ ጊዜ ይበቃቸዋል። ስለ ሠንጠረዡም ቢሆን ይጥፋ የሚል አይኖርም፤ ምዕራፉን መክፈቱ ቀርቶ በመጨረሻ ላይ ተማሪው ራሱ እንዲያፈርሰው ቢቀርብለት ይሻላል።

ይሁን እንጂ ፈተናው ካልተለወጠ አቀራረቡ አይለወጥም። «ልዩነታቸውን ግለጽ» በሚለው ፋንታ፣ «ቡላና ቃጫ ከአንድ ተክል ይገኛሉ፤ የሁለቱም ሞኖመር ግሉኮስ ነው። አንዱ የሚበላ፣ ሌላው ገመድ የሚሆነው ለምንድን ነው? በተመሳሳይ ምክንያት የሚለያዩ ሁለት የፕላስቲክ ዕቃዎችን ከቤትህ ጥቀስ» የሚል ጥያቄ ሊቀርብ ይችላል። ይህን ለማረም ከአንድ መስመር በላይ ማንበብ ያስፈልጋል፤ አራሚውም መልሱን አስቀድሞ ማወቅ ይኖርበታል።